የሐኪም ቀጠሮ ቀጭን ግድግዳ ባለው ቤት

«ከባለፈው ወዲህ ስንት ጊዜ ጣለሽ?»

ሐኪሜ ይህን ሲጠይቁኝ እሳቸው አዲስ አበባ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ጎንደር፣ ማራኪ፣ እናቴ ቤት። ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጬ፣ እናቴም ትስማ ብዬ ድምፁን ወደ ውጭ ከፍቼዋለሁ። ሁለተኛው ቡና ተቀድቷል፤ ጢሱ ይውጣ ብለን በሩን አልዘጋነውም። ጥያቄው ከስልኩ ወጥቶ ቤቱን ሲሞላው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ቡና የምንጠራራቸው ጎረቤታችን እትዬ አንድ እግራቸውን ደፉን አሻግረው ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ሐኪሜ መስመሩ የተቆረጠ መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት፤ «የሚጥል በሽታው ስንት ጊዜ ተነሣብሽ ነው የምልሽ!»

እትዬ ተቀመጡ፣ ቡናቸውን ጠጡ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወሩ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆነው ሄዱ። በሳምንቱ ግን በመልክ እንጂ በስም የማላውቃት ሴት መንገድ ላይ አስቁማ የትኛው ጠበል እንደሚሻለኝ ነገረችኝ።

ይህ ከሆነ ከሦስት ዓመት በላይ አልፎታል። እስከ ዛሬ ከሐኪሜ ጋር በስልክና በቪዲዮ እገናኛለሁ። ምስጢሬን ስለ መጠበቅ በየቀጠሮው እየተሳሳትኩ የተማርኩትን የምጽፈው ሌላው ሰው በእኔ መንገድ ተጎድቶ እንዳይማር ነው።

በሽታው የጀመረኝ በሰኔ 2013 ዓ.ም.፣ የተማሪዎቼን የዓመቱ መጨረሻ ፈተና እያረምኩ ሳለ ነው። መድኃኒት የጀመርኩት እዚሁ ጎንደር ነው። ከዚያ አክስቴ ዘንድ አዲስ አበባ ሄጄ የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ምርመራ ተደረገልኝ። የመረመሩኝ የነርቭ ሐኪም «በየሦስት ወሩ እዚህ ድረስ አትመላለሺ፤ በስልክ እንገናኛለን፤ ሲያስፈልግ ትመጫለሽ» አሉኝ። በአገራችን የነርቭ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ከጎንደር አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት መንገዱ ሲዘጋም አይተናል። ስለዚህ ቀጠሮው በስልክ መሆኑ ለእኔ እፎይታ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ያለኝ ድካሙ ስለቀረልኝ ብቻ አልነበረም። ጎንደር ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። በዚህ ከተማ ዘመዱ ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛው ሆስፒታል ውስጥ የማይሠራ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ካርድ የሚያወጣው የአጎት ልጅ ነው፤ ወረፋው ላይ ከጎን የተቀመጠችው የተማሪዬ እናት ናት። በስልክ ከሆነ ግን ማንም አያየኝም ብዬ አሰብኩ። ማንም እንደማያየኝ እንጂ ማን እንደሚሰማኝ አላሰብኩም።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ለምን እንደሚደብቅ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። «አረፋው የነካው ሰው ይይዘዋል» እየተባለ ያደግን ነን። በሽታው አይተላለፍም፤ በአረፋም፣ በትንፋሽም፣ በአንድ ገበታ በመብላትም አይተላለፍም። ይህን በክፍሌ ለልጆች አስተምሬዋለሁ። ይሁን እንጂ ወሬው አንዴ ከወጣ የትዳር ጥያቄ ይቀራል፤ እህትም በእህቷ ምክንያት ትቀራለች። ሥራ ቦታ «ልጆች ፊት ብትወድቅስ» የሚል ይነሣል። ስለዚህ ማን እንደሚያውቅ የምወስነው እኔ መሆን አለብኝ። የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚጠራው የኮምፒውተር ሰርጎ ገብ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስልኬን ሰርስሮ የገባ አንድም ሰው አላውቅም። ከእኔ የወጣው ምስጢር በሙሉ የወጣው ከቤት ነው፤ በሚወዱኝ ሰዎች በኩል፣ በእኔም እጅ።

እናቴ ቤት ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ክፍሉንና የተከራዮቹን ክፍል የሚለየው ደግሞ ከዚያም የቀጠነ ነው። ከእትዬ በኋላ መጀመሪያ ያደረግሁት የጆሮ ማዳመጫ መግዛት ነበር። ለሁለት ቀጠሮ ያህል ችግሩን የፈታሁ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ቀን ተከራያችን፣ ደግ ልጅ ናት፣ «መድኃኒቱ እንቅልፍ አብዝቶብሽ ነበር፣ አሁን ተሻለሽ?» አለችኝ። ማዳመጫው የሚደብቀው የሐኪሙን ድምፅ ነው፤ የእኔን አይደለም። እንዲያውም ጆሮዬ ስለተደፈነ ሳላውቀው እጮህ ነበር።

መስመሩ ሲበላሽ ደግሞ የባሰ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቪዲዮው ቀረና በተራ የስልክ ጥሪ ብቻ መገናኘት ጀመርን። ድምፁ ይቆራረጣል። ሐኪሜ «አልሰማሁሽም» ይላሉ፤ እኔም በሽታዬን እየጮህኩ እደግማለሁ። ያኔ አንድ መላ አበጀን፤ እስከ ዛሬም የምንሠራበት ነው። ሐኪሜ ጥያቄውን «አዎ» ወይም «አይደለም» ብዬ እንድመልሰው አድርገው ያዘጋጁታል። «ጠዋት ላይ ነው የሚነሣብሽ?» ይላሉ፤ «አዎ» እላለሁ። «ምላስሽን ነክሰሻል?» ይላሉ፤ «አይደለም» እላለሁ። አጠገቤ የሚያልፍ ሰው ስለ ገበያ የማወራ ይመስለዋል። ስንት ጊዜ እንደጣለኝ፣ በየትኛው ቀን፣ ለስንት ደቂቃ የሚለውን ደግሞ አስቀድሜ በአጭር የጽሑፍ መልእክት እልካለሁ። የመድኃኒቱን ስም በአፌ አልጠራውም፤ «የማታው» እና «የጠዋቱ» እንላለን። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሐኪሜ ቅር አላላቸውም፤ «ለሌሎቹም ታካሚዎቼ እነግራቸዋለሁ» ነው ያሉኝ።

ቦታ ፍለጋም ብዙ ተንከራትቻለሁ። ፒያሳ ካፌ ጥግ ይዤ ሞከርኩ፤ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው የስልኬን ገጽ እንደ ጋዜጣ ያነበዋል። ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ሞከርኩ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶልኝ በጸጥታ አብሮኝ አዳመጠ። በመጨረሻ ወደ ቁስቋም አቅጣጫ ወጥቼ፣ ሰው የሌለበት ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ደወልኩ። ጸጥታው ደስ ይላል፤ ከተማው ከታች ተዘርግቷል። ሐኪሜ ግን የወፎቹን ድምፅ ሰምተው ኖሮ «የት ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሲቆጡ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ብቻሽን? ገደላገደል ላይ? አሁን ቢነሣብሽ እኔ ከዚህ ሆኜ ማንን ልጥራ?»

ይህን በደንብ ልብ በሉልኝ። የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም ወይም ስኳር ያለበት ሰው ምስጢሬን ልጠብቅ ብሎ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ መቀመጥ የለበትም። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ በር እዘጋለሁ፣ አልቀረቅርም። የት እንዳለሁና ስንት ሰዓት እንደምጨርስ አንድ ሰው ያውቃል። ሐኪሜም የዚያ ሰው ስልክ ቁጥር አላቸው፤ ጥሪው ድንገት ቢቋረጥና እኔ ባልመልስ ለእሱ ይደውላሉ። ያ አንድ ሰው ምን እንደሚያደርግም አስተምሬዋለሁ፤ በጎኔ እንዲያስተኛኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም ነገር እንዳይከት፣ ክብሪት ጭሮ እንዳያሸተኝ፣ ሰዓት እንዲመለከት፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል እንዲወስደኝ።

ቦታውን ያገኘሁት መጨረሻ ላይ በምሠራበት ትምህርት ቤት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት ይዘጋል፤ ግድግዳው ድንጋይ ነው። የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ለብቻቸው አግኝቼ «የሐኪም ቀጠሮ አለብኝ፣ የምነጋገርበት ቦታ ይስጡኝ» ብዬ ጠየቅኋቸው። የምን ሐኪም እንደሆነ አልጠየቁኝም። ቁልፉን ሰጡኝና ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን በሉ። ከዚያ በፊት ከሰው ሁሉ ተደብቄ ቦታ ስፈልግ ወራት አጥፍቻለሁ፤ ለካ ከበሽታው ስም በፊት ቀጠሮውን ብቻ መናገር ይቻላል።

ቤት ውስጥ መሆን ግድ ሲሆን ደግሞ ሬዲዮ ይረዳል። ሬዲዮውን እናንተ ካላችሁበት ክፍል ውስጥ አትክፈቱት፤ ሐኪሙን ይረብሻል። ከበሩ ውጭ፣ ሰሚው ባለበት በኩል አስቀምጡት። ድምፁ መካከለኛ ይሁን፤ ወሬ ያለበት ፕሮግራም ከዘፈን ይሻላል፤ የሰው ድምፅን የሚሸፍነው የሰው ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ ወደ እናቴ።

እናቴ ልጇን በጣም የምትወድ ሴት ናት። መጀመሪያ ስወድቅ ጭንቅላቴን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የያዘችኝ እሷ ናት። ስለዚህ በየቀጠሮው አብራኝ ትቀመጥ ነበር፤ እኔም ተነሺ ማለትን ነውር አደረግሁት። አንድ ቀን ሐኪሜ «ለማርገዝ ታስቢያለሽ? የወንድ ጓደኛ አለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ወግ አይደለም። እኔ የምወስደው ሶዲየም ቫልፕሮዬት የሚባለው መድኃኒት ነበር፤ በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ሁሉ ይህን ልትጠየቅ ይገባል። እናቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተቀምጣለች። «የለኝም» አልኩ። ነበረኝ። ልንጋባም ተነጋግረን ነበር። ሐኪሜ ያን መልስ ይዘው የመድኃኒቱን መጠን ጨመሩት።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ሐኪሜ ያከሙት እኔን አልነበረም፤ እናቴ ፊት የተቀመጠችውን ሌላ ሴት ነው። በማግስቱ እውነቱን በጽሑፍ ላክሁላቸው። ሳይቆጡ ሌላ ቀጠሮ ሰጡኝና ቀስ በቀስ ወደ ሌላ መድኃኒት አዛወሩኝ፤ ከማርገዜ በፊት ስለሚወሰደው ፎሊክ አሲድ ስለሚባለው ቫይታሚንም ነገሩኝ። እናንተም በዚህ ሁኔታ ያላችሁ እህቶች፣ ይህን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ አደራ፤ ድንገት ማቆም ራሱ ሊገድል ይችላል። ለሐኪማችሁ ግን እውነቱን የምትናገሩበትን ቦታ አግኙ።

ለእናቴ የነገርኳት ቅዳሜ ገበያ ደርሰን ስንመለስ፣ መንገድ ላይ ነው። ፊት ለፊት ከመተያየት ጎን ለጎን እየሄዱ መናገር ይቀላል።

«እማዬ፣ ከሐኪሙ ጋር ስነጋገር ብቻዬን ልሁን።»

ዘንቢሏን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። «ወልጄ አሳድጌሽ ከእኔ የምትደብቂው ምን አለሽ?»

«የምደብቀው የለኝም። ሐኪሙ የሚጠይቀው ግን አንቺ ፊት የማይመለስ ነገር አለ። አንቺን ስለማከብር እዋሻለሁ። ስዋሽ ደግሞ መድኃኒቱ ይሳሳታል።»

ብዙ ርምጃ ዝም ብላ ሄደች። አኩርፋለች ብዬ ነበር። ቤት ልንደርስ ስንል «እንግዲያስ ደጅ እቀመጣለሁ» አለች፤ «ሰው እንዳይገባብሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በቀጠሮዬ ሰዓት ከበሩ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። የሚመጣውን ሁሉ «ስልክ ላይ ናት፣ ቆይተህ ና» ብላ ትመልሳለች። የጥምቀት ሰሞን ቤታችን ከገጠር በመጡ ዘመዶች ሲሞላ፣ ቀጠሮው ጥር 10 ላይ ዋለብኝ። እንግዳ ከቤት አይወጣም፤ እኔም መውጫ የለኝም። ሐኪሜን በመልእክት ለጥር 14 እንዲያዛውሩልኝ ጠየቅኋቸውና አዛወሩልኝ። ቤታችሁ በሰው በተሞላ ቀን ቀጠሮ ማዛወር ንቀት አይደለም። ሐኪሙም የሚመርጠው በነፃነት የምትናገሩበትን ቀን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቪዲዮው መናገር አለብኝ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያመኝ እሱ ነው።

የነርቭ ሐኪም ሕመሙ ሲነሣ በቪዲዮ ቢያይ ብዙ ነገር ይገባዋል። ዓይን ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል፣ ጭንቅላት ወደ የት ዞረ፣ የቱ እጅ ቀድሞ ጀመረ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፤ ይህን የወደቀው ሰው ራሱ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ሐኪሜ «ቤት ውስጥ ያለ ሰው ይቅረጽሽ» አሉ። ታላቅ እህቴ በስልኳ ቀረጸችኝ፤ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ እኔም ለሐኪሜ ላክሁ። ሐኪሜ ያዩትን አይተው ጠቃሚ ውሳኔ ወሰኑ። እኛም ረሳነው። የእህቴ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በእናቱ ስልክ ይጫወታል። ቪዲዮውን ከፎቶዎቹ መካከል አገኘው። ለጓደኞቹ ያሳየው በክፋት አይመስለኝም፤ ደንግጦ ነው። ከጓደኞቹ አንዱ ግን የእኔ ተማሪ ነበር።

ክፍል ስገባ የነበረውን ጸጥታ አልገልጸውም።

ልጁን አልመታነውም። አስቀምጬ ምን እንዳየ አስረዳሁት፤ ስወድቅ ምን ማድረግ እንዳለበትም አስተማርኩት። ከላይ ያልኳችሁ አንድ ሰው ዛሬ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ቪዲዮ ሥርዓት አወጣን። የምቀረጸው በእኔ ስልክ ብቻ ነው፤ የእኔ ስልክ መክፈቻ ቁጥሩን ሳያውቁም ካሜራው ይከፈታል። ፊቴ መታየት አለበት፤ ሐኪሙ የሚፈልገው እሱን ነው። ልብሴ ከተገለጠ ግን እህቴ መጀመሪያ ነጠላ ትጥልብኛለች፣ ከዚያ ትቀርጻለች። ግድግዳው ላይ ያለው የቤተሰብ ፎቶ እንዳይገባ ታዞራለች። የምልከው በቴሌግራም ተራ መልእክት አይደለም። ተራው መልእክት በድርጅቱ ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል፤ አካውንታችሁ በተከፈተበት ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ላይም ይታያል። ምስጢራዊ የሚባለው የመልእክት ዓይነት ግን በሁለቱ ስልኮች ላይ ብቻ ይቀራል፤ ለሌላ ሰው ማስተላለፍም አይቻልም፤ ከታየ በኋላ በራሱ እንዲጠፋ ሰዓት መሙላት ይቻላል። የሚከፈተው ከሰውየው ስም ገጽ፣ ሦስቱን ነጥቦች በመንካት ነው። ሐኪሜ አይተው ሲጨርሱ ከሁለታችንም ዘንድ እሰርዘዋለሁ። ከስልኬ ፎቶዎች እሰርዛለሁ፤ የተሰረዙት የሚጠራቀሙበትን ቦታም ከፍቼ ባዶ አደርጋለሁ፤ ያ ቦታ ለሳምንታት ያስቀምጣልና። ስልካችሁ ፎቶ ሁሉ በራሱ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ የሚጭን ከሆነም እዚያ ሂዳችሁ ፈልጉት።

ሐኪሙንም ጠይቁ፤ «ቪዲዮውን ያስቀምጡታል? ለማስተማሪያ ይጠቀሙበታል?» በሉ። እኔ ስጠይቅ ሐኪሜ «ተማሪዎቼን ላስተምርበት ብትፈቅጂ ደስ ይለኛል፤ ካልፈቀድሽ አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ» አሉ። አልፈቀድኩም። ሰረዙት። ግንኙነታችን ምንም አልተበላሸም።

አንድ ሌላ ቀንም ቪዲዮ ላይ እየተነጋገርን ከኋላቸው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው አለፈ፤ ቆሞም አዳመጠ። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር ዋጥ አድርጌ አልፈው ነበር፤ ሐኪም አይጠየቅም ብዬ። ያን ቀን ግን «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከኋላዎ ማን ነው?» አልኩ። ዞር አሉ። «ልምምድ ላይ ያለ ሐኪም ነው፤ ልነግርሽ ይገባ ነበር፣ ይቅርታ» ብለው እንዲቆይ እፈቅድ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮው የሚጀምረው በሁለት ጥያቄ ነው። እሳቸው «አጠገብሽ ማን አለ?» ይሉኛል፤ እኔም «እርስዎስ?» እላለሁ። ሐኪማችሁ ካልጠየቀ እናንተ ጀምሩት።

ስልኩን በተመለከተ በአጭሩ ላልፍ። ስልኩ ተቆልፎ ሳለ መልእክት ሲመጣ ጽሑፉ ፊት ላይ እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል፤ አድርጉት። አንዳንድ ስልኮች ጥሪን በራሳቸው ይቀዳሉ፤ የእኔ ለአንድ ዓመት ያህል የሐኪሜን ድምፅ በሙሉ ሲያከማች እንደነበር ያወቅሁት ማከማቻው ሞልቶ ሲጨናነቅ ነው። ቴሌግራም አካውንታችሁ በየትኛው መሣሪያ ላይ እንደተከፈተ በቅንብሩ ውስጥ ያሳያል፤ እኔ ስከፍተው በትምህርት ቤቱ የመምህራን ክፍል ኮምፒውተር ላይ ከተከፈተ አራት ወር ሆኖት አገኘሁት። የመድኃኒት ማዘዣ ፎቶ ለሰው ልካችሁ «ግዛልኝ» አትበሉ፤ የመድኃኒቱ ስም በሽታውን ይናገራል። ስልክ ሲበላሽ ለጠጋኙ ከመስጠታችሁ በፊት፣ ስልኩ የሚከፈት ከሆነ፣ ከሐኪም ጋር የተጻጻፋችሁትን አጥፉ፤ ካልሆነ እየጠገነ አጠገቡ ቁሙ። ለሐኪሙ ገንዘብ ስታስተላልፉም ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የበሽታውን ስም አትጻፉ፤ «ክፍያ» ይበቃል።

ሕጉንም አንብቤዋለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በስልክ የሚደረግ ግንኙነትንም ለይቶ ይጠቅሳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅና የመድኃኒት ባለሙያ በሥራው ያወቀውን ምስጢር ቢያወጣ በአቤቱታ እንዲጠየቅ ያደርጋል። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ ሕግም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መካከል አስገብቶታል። እነዚህን ማወቄ ከሐኪሜ ጋር ስነጋገር ልቤን አጽንቶልኛል፤ «ይቅርታ፣ ከኋላዎ ማን ነው?» ያልኩት ካነበብኩ በኋላ ነው። ቡና ሊጠጡ የገቡትን እትዬን ግን የትኛው አንቀጽ ይይዛቸዋል? የአሥራ ሦስት ዓመቱንስ ልጅ? እዚያ ላይ ያለኝ በሩ፣ ሬዲዮው፣ የእናቴ በርጩማና በጊዜው የምናገረው ቃል ነው።

ባለፈው ግንቦት፣ አመሻሹ ላይ፣ እትዬ መጡ። ቡና አልነበረም፤ ማንም አልጠራቸውም። ነጠላቸውን ፊታቸው ድረስ ተከናንበው ደፉ ላይ ቆሙ። ስለዚያ ቀን በእኔና በእሳቸው መካከል አንድም ቃል ተነግሮ አያውቅም። እናቴን ሰላም ብለው ወደ እኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያ የምትደውዪለት ሐኪም... የልጅ ልጄ ሌሊት ሌሊት...»

ከግድግዳው ማዶ ተከራዮቹ እራት እያቀረቡ ነበር፤ የሳህኑ ድምፅ ይሰማል።

«ቆይ እትዬ» አልኳቸው፤ ውስጠኛው ክፍል አስቀመጥኳቸውና ወጥቼ ሬዲዮውን በግድግዳው በኩል ከፈትኩት።